«ቄሱ የታሉ?» ብለው የጻፉብኝ መምህር

መምህር አያሌው የበደሉኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዛሬ ጠዋት በዚሁ ፌስቡክ ላይ አሳጣኋቸው።

ከሰዓት በኋላ የተዋረድኩት ግን እኔ ነኝ። ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ያን ዓመት ንፋስ የትምህርት ቤታችንን ቆርቆሮ ገልቦ ወሰደው። የሰፈራችን ቄስ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስበው ንግግር አደረጉ። በሳምንቱ ሰዉ ባሕር ዛፉን ተሸክሞ መጣ፤ ጣራው ተሠራ። የአማርኛ መምህራችን መምህር አያሌው ታዲያ «ቄሱ ሕዝቡን በምን አሳመኑት? አንድ አንቀጽ ጻፉ» አሉን። የተሻለው በወላጆች ቀን ይነበባል።

እኔ እያለቀስኩ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሞላሁ!

አስናቀችም ጻፈች። አስናቀች ማለት ደብረ ታቦር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንማር፣ ከእብናት የመጣች ልጅ ናት። የእኔን በሶ እየበላች የምትማር።

የተመረጠው የእሷ ሆነ። የእኔ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ብቻ፦ «ቄሱ የታሉ?»

ሁለት ቃል። አርባ ዓመት ቆጠቆጠኝ።

ምክንያቱም አባቴን ለወላጆች ቀን አስቀድሜ አስጠርቻቸው ነበር። አባቴ ጉና ተራራ ሥር የቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። «የማነበው እኔ ነኝ» ብዬ ስለላክሁባቸው በውርጭ ተነሥተው፣ በቅሎ ተውሰው፣ ጥምጥማቸውን አጥበው መጡ። ፊት ወንበር ተቀመጡ። የሰው ልጅ ስታነብ ሰሙ።

ስንወጣ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ያቺ ልጅ ንባቡን አስቀድማ ነው ትርጓሜውን ያመጣችው። ስሚማ ልጄ...»

አልሰማሁም። ያመጡልኝን ድንችና በሶ ከበቅሎዋ አውርጄ ክፍሌ ገባሁ። አልሸኘኋቸውም። የበቅሎዋ ኮቴ በድንጋዩ ላይ እየራቀ ሲሄድ በሩን ዘግቼ አዳመጥኩ። ያን ሁሉ ዳገት ብቻቸውን ወጡት።

ከዚያ ወዲህ መምህር አያሌውን መንገድ ላይ ካየሁ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ስንት ጊዜ እንደተሻገርኩ ገምቱት። በክረምት፣ በጭቃ ሳይቀር።

ዛሬ ጠዋት ሳጥን ሳገላብጥ ደብተሩን አገኘሁትና ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩት። ቀዩን ጽሑፍ በአውራ ጣቴ ሸፍኜ። ምን ታደርጉኛላችሁ? «ይህን አንቀጽ የጣለ መምህር አለ፤ ሕዝብ ይፍረደኝ» አልኩ።

ፈረዳችሁልኝ። «ግፍ ነው» ያላችሁ አላችሁ። «ብዕርዎ ይባረክ» ያላችሁም አላችሁ። አንዳችሁም እንዳላነበባችሁት አሁን ነው የገባኝ።

ያነበበችው የልጄ ልጅ ናርዶስ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ለእረፍት እኔ ዘንድ መጥታለች። እሷንም አንድ ንግግር ተንትኚ ብለዋት ላፕቶፗን ከፍታ ስታቃስት «ከዚህ ተማሪ» ብዬ ስልኬን ሰጠኋት።

አነበበች። ደግማ አነበበች።

«እማማ፣ ቄሱ የታሉ?»

ስልኩን ነጥቄ ፎቶውን አየሁት። አውራ ጣቴ ሸፍኖታል።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቄሱ ያሉት አንድ ቃል የለበትም እኮ። እንባዬ ወረደ፣ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ፣ ሰማዩም አብሮኝ አለቀሰ። ይሄ ስለ አንቱ ነው።»

«ስሜት ነዋ!»

«ስሜቱማ ሞልቷል። ግን አንድ ፓራግራፍ ሲጽፉ መጀመሪያ ነጥብዎን ይናገራሉ። ከዚያ ተናጋሪው ያለውን እንዳለ ይጠቅሳሉ። ከዚያ ያ ቃል ሰሚውን ምን እንዳደረገው፣ በምን መንገድ እንዳደረገው ያስረዳሉ። ጥቅሱ ከሌለ ምኑ ይተነተናል? ያለ ዱቄት ማቡካት ነው።»

ከዚያ አስናቀች ምን እንደጻፈች ጠየቀችኝ። ቂም አይረሳምና በቃሌ አልኩላት።

ቄሱ «ዶሮውን ከዝናብ የሚያስገባ ሰው፣ ልጁን ዝናብ ሲመታው ቆሞ ያያል?» ብለው ነበር። አስናቀች ይህን እንዳለ ጻፈችው። ከሥሩም፦ ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ ያን ሰሞን ዶሮውን ያላስገባ አንድም ሰው አልነበረምና። ቄሱ አልወቀሱትም፤ ራሱን በራሱ እንዲወቅስ ጠየቁት እንጂ።

ናርዶስ አጨበጨበች። በገዛ ቤቴ። ለአስናቀች።

የአባቴ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። በአባቴ ጉባኤ ቤት ተማሪው ንባቡን ያሰማል፤ መምህሩ ከዚያ በኋላ ይተረጉማል። ንባቡ ካልተሰማ ትርጓሜ የለም። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አባቴ የሰው ልጅ እያመሰገኑብኝ አልነበረም። እኔን ሊያስተምሩኝ ነበር፤ «ስሚማ» ሲሉ ጥያቸው ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መምህር አያሌው ከዘራቸውን ይዘው ሲመጡ አየሁ። አልተሻገርኩም።

«እንደምን ዋሉ መምህር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

አላወቁኝም። አርባ ዓመት ስሸሻቸው፣ መሸሼንም አላወቁም።

ስሜን ነገርኳቸው። ምንም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ምንም። ጥርሴን ነክሼ «የአስናቀች ጓደኛ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ያቺ የዶሮውን ነገር የጻፈችው! ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ። እንጃ።

እስቲ ንገሩኝ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ከማን ጋር ነው የተጣላሁት?

ቤት ገባሁ። በዚያው ደብተር ባዶ ገጽ ላይ፣ መጀመሪያ አባቴ ያሉኝን ቃል እንዳለ ጻፍኩ። ከሥሩ፣ ቃሉ እኔን ምን እንዳደረገኝ አራት መስመር ጻፍኩ። ከዚያ የጠዋቱን ፖስት አጠፋሁት።