ለሰይፍ እጅ የሚነሳ ጎረቤት

ሰይፍ የገዛ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ እዚህ ኖርዌይ፣ ፕሪንስዳል ሰፈር፣ ጎረቤቴ ነው። ዮናስ ከአገሬ ሰዎች ኦስሎ ተወልዶ ያደገ፣ ደህና ሥራ ያለው ወጣት ነው። በቅርቡ ረከስ ያለ የጃፓን ዓይነት ሰይፍ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ጓሮው ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ያቆማል፤ ለሰይፉ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፤ ቀጥሎም የጠርሙሱን አንገት ይቀላል። እኔን ግን በዚህ ዕድሜዬ «አንቺ» ይለኛል። ምን ይደረግ? ሰይፉ አዲስ ነው፤ እኔ አሮጌ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ምድር ቤት ካለው ዕቃ ማስቀመጫዬ፣ ከቦዱ፣ ወንበር ሊያወጣልኝ ወረደ። ወንበሩን ትቶ ጥቅል ሰሌኔን ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ይህን ስጪኝ! ጃፓኖቹ ሰይፋቸውን የሚሞክሩት በውሃ በራሰ ምንጣፍ ነው።»

«ኔይ፣ አይሆንም።»

«ምንጣፍ እኮ ነው!»

«ምንጣፍ ነው። ከአገሬ ያመጣሁት ስሞት እንድገነዝበት ነው።»

ዮናስ ሰሌኑን ቀስ ብሎ እንደተኛ ሕፃን መሬት ላይ አሳረፈው። ከዚያ ልክ ለሰይፉ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። ወደ ቦዱ ልመልስልዎት?»

ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ከሰይፍ ይልቅ የሚከበር ዕቃ ይዤ ኖሬያለሁ።