ጋሽ ምንጩና ሰባቱ ኖታዎች

ሙዚቃ ባለበት ሁሉ አንድ ሰው አለ። ይህን ሰው ሳያገኝ ያረጀ ካለ፣ ወይ ዘፈን አይወድም ወይ ከቤት አይወጣም። አዲስ ዘፈን ትሰማለህ፤ ልብህ ይነካል፤ "እንዲህም ይዘፈናል እንዴ!" ብለህ ድምፁን ከፍ ታደርጋለህ። ይሄኔ ያ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ከጎንህ ይቆማል። አንገቱን ዘንበል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና "ይሄ እኮ የእነ እገሌ ነው" ይልሃል። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ ያው ዘፈን አይሆንልህም። በሰው ኮት ድግስ የሄድክ ያህል፣ ባለቤቱ ከየት ብቅ ይል ይሆን እያልክ ትሸማቀቃለህ።

በአናጢዎቹ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ምንጩ ናቸው። መታወቂያቸው ላይ ሌላ ስም አለ፤ እሱን የሚያውቁት ግን ሚስታቸውና የጡረታ ቢሮው ብቻ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሰው ግቢ የሚገቡት ለቆጣሪው ቢሆንም ጆሯቸው ሥራ አይፈታም ነበር። አንዱ ቤት ሬዲዮ፣ አንዱ ቤት ካሴት፣ ሌላው ቤት በሩን ዘግቶ ጊታር የሚቀጠቅጥ ጎረምሳ። የሰፈሩ ሰው ስንት ውሃ እንደሚጠቀም መዝገብ ላይ፣ ምን እንደሚሰማ ደግሞ ጭንቅላታቸው ውስጥ እየጻፉ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ መዝገቡን አስረከቡ፤ ጭንቅላታቸውን ግን የተረከባቸው አልነበረም። ምንጩ የተባሉት የዘፈን ምንጭ ስለሚፈልጉ ነው የሚሉ አሉ። የውሃ ሰው ስለነበሩ ነው የሚሉም አሉ። እሳቸው ሁለቱንም አልካዱም።

አንድ ቀን ፀጉር ቤት ተቀምጠው ግማሹ ፂማቸው ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ከወንበሩ ተነሡ፤ ማዶ ሱቅ የተከፈተውን ዘፈን ከበሮ ቀርበው ካልሰሙት ሊያልፍባቸው ነዋ! ክሊኒክ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ፣ ሆዱን ይዞ የሚያቃስት ሰው ስልኩ ቢጮህ፣ "እግዜር ይማርህ፤ ይቺን ጥሪ ግን ከየት እንዳመጧት ታውቃለህ?" ብለው ሰውዬው ስሙ እስኪጠራ ድረስ አስረዱት። ሚስታቸው ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ "እኔ እዚህ ቤት ማንጎራጎር ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰሃን ሳጥብ አፌን ከከፈትኩ ምስክር ይቆጠርብኛል።"

በተለይ ሮክ ሲሆን ይብስባቸዋል። የየትኛው ባንድ ጊታሪስት ከየትኛው ባንድ ምን እንደ ወሰደ፣ ማን የማንን ከበሮ አዘግይቶ እንደ ተጫወተ፣ ሌላ ሰው የዘመድ አዝማዱን ጋብቻ እንደሚቆጥር እሳቸው ይቆጥሩታል።

ታዲያ "መጋዝ" የተባለው ባንድ የመለማመጃ ቦታውን ከእሳቸው ቤት ግድግዳ ጋር በሚዋሰን የእንጨት መጋዘን ውስጥ ማድረጉ እድል ነው ወይስ እዳ፣ እስካሁን አልተወሰነም። መጋዘኑ የባንዱ ድራመር ነው፤ ቀን ቀን ቁም ሣጥን ይሠራበታል። ዘፋኙ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ጊታሪስቷ የድራመሩ ታናሽ እህት ስትሆን እንጀራዋ ፋርማሲስትነት ነው። ነጭ ጋወኗን አውልቃ ጊታር ስታነሳ ያያት ሰው ያቺው ዝምተኛ ባለመድኃኒት ናት ብሎ አያምንም።

ይቺ ፋርማሲስት አራት ወር ሙሉ አንድ ዜማ አረገዘች። ለዘፈን መግቢያ የምትሆን ሰባት ኖታ ናት። ኪኒን ስትቆጥር፣ የሐኪም ጽሑፍ ለማንበብ ስትታገል፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ሰባቷ ኖታ ከንፈሯ ላይ ነበረች። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሌሎችን ዘፈን ስትጫወት የኖረች ልጅ ናት፤ "ይሄ ግን የኔ ነው" ልትል የምትችለው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር። አልበማቸውን ሊቀዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ለባንዱ አጫወተችላቸው። ወንድሟ የከበሮውን እንጨት አስቀምጦ፣ "አንቺ፣ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?" አላት። ዘፋኙም ደግሚው፣ ደግሚው አለ።

ሦስተኛው ላይ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ምንጩ በፒጃማ፣ አንድ እግራቸው ካልሲ ሌላው ባዶ፣ ቆመዋል።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" አሉ። "ይቺ የ'ዝገት' አይደለችም እንዴ?"

ዝገት ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ሁለት ካሴት አውጥቶ የተበተነ ባንድ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ዝገት የሚባል ባንድ ሰምቼ አላውቅም!" አለች፤ ፊቷ ቀላ።

"አንቺ አልሰማሽ ይሆናል፤ ጆሮሽ ሰምቷል።"

"በጆሮዬ ካልሆነ በምኔ ልሰማ ነው?"

ሄደው ካሴቱን አመጡ። ከድራመሩ አሮጌ ማጫወቻ ውስጥ ከተቱት፤ ትንሽ ከተንሿሿ በኋላ ሰባቱ ኖታዎች፣ ፈጠን ብለው፣ አንድ በአንድ ወጡ። ፋርማሲስቷ ጊታሯን ከትከሻዋ አውርዳ የሳንቃ ክምር ላይ ተቀመጠች።

"ዝገትን ማን ያስታውሳል? እንቀጥል" አለ ዘፋኙ።

"አንድ ሰው አስታወሰ አይደል?" አለ ወንድሟ በአገጩ ወደ ጋሽ ምንጩ እያመለከተ። "ሌላ መግቢያ ይፈለግ።"

እሷ ሁለቱንም አልሰማችም። የሚቆጠቁጣት ሌላ ነገር ነበር፦ ያልሰማችውን ነገር እንዴት ሰማችው?

ጋሽ ምንጩ ለካ ይህንኑ እያሰቡ ኖሯል። "ልጄ፣ ተወልደሽ ያደግሽበት ቤት የት ነው?" አሏት። ነገረቻቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አረንጓዴ በር። ቆጣሪው ከደረጃው ሥር። ውሃው ይንጠባጠብ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ለአባትሽ ነግሬያለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ጋራዥ ነበር፤ መካኒኩ ያቺን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ነበር የሚያስጮኸው። ግቢው ውስጥ አንዲት ነጭናጫ ሕፃን ነበረች፤ እሷን ለማባበል እናትሽ አጥሩ ሥር ይዘዋት ይቆሙ ነበር።"

"ነጭናጫዋ እሷ ናት" አለ ወንድሟ ወዲያው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጋሽ ምንጩን አንቆ ወይ አመስግኖ ይለያይ ነበር። ፋርማሲስቷ ግን ሦስተኛ መንገድ መረጠች። "የዝገት ጊታሪስት በሕይወት አለ?" ብላ ጠየቀች። ለምን ብትሉ፣ ይቅርታ ልትጠይቀው ነው፤ ደግሞም የዚህን ዜማ አባት ዓይኑን ማየት ፈልጋ ነው።

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ጋሽ ምንጩ ክራቫት አስረዋል። ጊታሪስቱ መነጽር ሠሪ ሆኗል፤ ጠባብ ሱቁ ውስጥ ሌንስ እየሞረደ አገኙት። ፋርማሲስቷ ከቤት ያጠናችውን ይቅርታ ተናግራ ጨረሰች። ሰውዬው አዳምጦ አዳምጦ ሳቁን ለቀቀው።

"የኔ? ማን ነው የኔ ነው ያለሽ? እኔ 'ሦስተኛ ፎቅ' ከሚባል ባንድ ነው የወሰድኳት! እነሱ ሲጫወቷት በመስኮት ስር ቆሜ ነው የለቀምኳት። እነሱ ዝግ አድርገው ነበር የሚጫወቷት። እኛ ያፈጠንናት ድራመራችን የዚያን ቀን ሚስቱ ምጥ ላይ ስለነበረች ነው። ልንቀዳ ገባን፤ ሰውዬው በሩን እያየ ከበሮውን አጣድፎ ደበደበው፤ እኛም ተከተልነው። ከዚያ ሰው ወደዳት።"

ጋሽ ምንጩ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። ሃያ አምስት ዓመት "የዝገት ናት" ሲሉ የኖሩት፣ ከዝገት በፊት ሌላ በር እንዳለ አያውቁም ነበር። "ሦስተኛ ፎቅ እኮ ምንም አላሳተሙም" አሉ በደከመ ድምፅ፤ ቧንቧው መሬት ውስጥ ገብቶ እንደጠፋበት ሰው።

የሦስተኛ ፎቅ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ሴትዮ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ከመደርደሪያዎቹ መካከል ተቀብለው፣ ጮክ ብለው እንዳይናገሩ አስጠንቅቀው፣ ራሳቸው ጮክ ብለው ነገሯቸው።

"ከሬዲዮ ነው! የውጭ ጣቢያ ነበር፤ ሞገዱ ይመጣል፣ ይሄዳል። መጀመሪያውን ሰማን፤ መሐሉ ጭው ብሎ ጠፋ፤ መጨረሻው ተመለሰ። የጠፋውን ምን እናድርገው ብለን ሁለት ቀን ተጣላን። በኋላ ሁለት ኖታ ከራሴ ጨመርኩና ዝም አሰኘኋቸው።" ሰባቱንም ኖታ በአፋቸው አዜሙላቸው።

"የሬዲዮው ባንድ ማን ነበር?" አሉ ጋሽ ምንጩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆነው።

"እኔ እንጃ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ቤት ሸክላውን የሰማሁት መሰለኝ። መሐሉ ሌላ ነው፤ እኛ ካሰብነው ጋር አይገናኝም። እውነቱን ልንገራችሁ? የኛ ይሻላል።"

"እነሱስ ከየት አመጡት?"

ሴትዮዋ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ወዲያው መጽሐፍ የሚመልስ ሰው መጣ።

በአውቶቡስ ተመለሱ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር፤ ከአንድም ሁለት ዘፈን አለፈ፤ ጋሽ ምንጩ "ይሄ የእነ እገሌ ነው" አላሉም። ፋርማሲስቷ ያማቸው መስሏት እጃቸውን ይዛ የልብ ምታቸውን ቆጠረች።

"ጋሼ፣ አይዞዎት። ለምንድን ነው ግን እንዲህ የሚለፉት? ሰው እኮ ዘፈኑን ብቻ ሰምቶ ይኖራል።"

"ዘፈን ሰው ይመስለኛል" አሉ። "መንገድ ላይ የማውቀው ፊት የያዘ እንግዳ ሰው ሳይ፣ የማን ልጅ ነህ ሳልል እንዴት አልፋለሁ? ለመክሰስ እኮ አይደለም። አባቱን ሳውቅ የበለጠ እወደዋለሁ።" ቀጥለውም ዘወር ብለው አዩዋት። "አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሴትዮዋ በአፋቸው ሲሉት ሰማሽ? የእሳቸው ሰባተኛዋ ኖታ ትወርዳለች። የዝገትም ትወርዳለች። ያንቺ ትወጣለች። እሷን ከማን አመጣሻት?"

ፋርማሲስቷ ግራ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። ትንሽ እጅ ናት። "ስትወርድ ጣቴ አይደርስም" አለች። "ስለዚህ ወጣሁ።"

ጋሽ ምንጩ ጣቷን እንደ ቆጣሪ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ሁለት ፌርማታ ያህል ብቻቸውን ይስቁ ነበር።

ዘፈኑ ተቀዳ፤ መግቢያውም አልተለወጠም። መነጽር ሠሪውም ሴትዮዋም ደስ እያላቸው ፈቀዱ። ሴትዮዋ፣ "ሁለቷን መሐለኛ ኖታ ብቻ እንዳትነኩብኝ" አሉ። በሽፋኑ ላይ "መግቢያው ከሦስተኛ ፎቅ፣ በዝገት በኩል" ተብሎ ተጻፈ። ወንድሟ "አልበም ነው ወይስ የርስት ክርክር?" ብሎ ቢያጉረመርምም፣ ጋሽ ምንጩ አሥር ቅጂ ገዝተው ላገኙት ሁሉ የሚያሳዩት ሽፋኑን ነው። ዘፈኑ አገር አላናወጠም። ሰፈር ውስጥ ተሰማ፤ ሁለት ሬዲዮ ጣቢያ አጫወተው፤ በቃ።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ፋርማሲው ውስጥ ሰልፍ ባለበት ሰዓት ጋሽ ምንጩ እያለከለኩ ገቡ። ሰላምታ የለ፣ ተራ የለ። ፋርማሲስቷ ግፊታቸው የጨመረ መስሏት መለኪያውን አነሳች።

"ተይው! ነይ!" ብለው እጅጌዋን ያዙ።

"ጋሼ፣ ሰው እኮ ቆሟል!"

"ይቁም! ሰው በኪኒን ብቻ አይኖርም!"

ባልደረባዋን በምልክት ለምና፣ ጋወኗን እንደለበሰች ተከተለቻቸው። ሁለት መንገድ ተሻግረው፣ አዲስ የተከፈተ የቤት ዕቃ ሱቅ በር ላይ ደረሱ። ለምረቃው አራት ሰዎች ያሉት ባንድ ተጋብዞ ይጫወታል። አንዳቸውንም አታውቃቸውም። ጊታሪስቱ ረጅም ነው፤ ጣቶቹም ረጃጅም ናቸው። ሰባት ኖታ ተጫወተ። ዘግየት፣ ለዘብ አድርጎ። መሐለኛዎቹ ሁለት ኖታዎች እንዳሉ ናቸው። ሰባተኛዋ ግን ወጣች። ያ እጅ ወደ ታች አልደርስ ብሎት አይደለም፤ ከእሷ ሰምቶ ነው እንጂ።

ደሟ ፈላ። "ይሄማ የኔ ነው! ሳይጠይቁኝ?" ብላ ወደ ፊት ልትገባ ስትል ክንዷን ያዟት። ዞር ብላ አየቻቸው። ጋሽ ምንጩ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አፋቸው ግን ጆሯቸው ደርሷል።

"ሰረቁሽ!" አሉ። "ልጄ፣ ሰረቁሽ! እንኳን ደስ አለሽ!"

ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። አጠገባቸው የቆሙ ሰዎች ዝም በሉ እንስማበት አሏቸው። ጋሽ ምንጩም ዝም አሉ፤ ሲባሉ እሺ ማለታቸው በሕይወታቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ክንዷን በክንዳቸው አቆላልፈው፣ እሷ በነጭ ጋወኗ እሳቸው በነጠላ ጫማቸው፣ እስኪያልቅ አብረው ቆሙ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ፋርማሲስቷ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"ጋሼ፣ ይደግሙት ይሆን?"