ሆባርት ስታምፐር የአባታቸውን ሽጉጥ አድሰው እንደ ተኮሱ

በዓመተ ጡረታሁ ለሆባርት፣ ኃያሉ ጎማ ጠጋኝ ሆባርት ስታምፐር ሥራቸውን በተሰናበቱበት ዓመት፣ የኬንተኪ ተራሮች ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ወራት፣ መንፈሰ ጥገና አደረባቸውና የአባታቸውን ሽጉጥ ከመሳቢያ አወጡ። ይህችም ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ አባታቸው በሕይወት ሳሉ በየዘመን መለወጫው ከጓሮ እያከታተለች የምታገሣ ነበረች፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን ጥይት እየተቀረቀረባት አንድ ጊዜ ጮኻ ዝም ትል ጀመር። እናታቸው እመት ቨርዲም ጆሯቸው በእርጅና እየደከመ ነበርና፣ ጨርሶ ሳይደፈን ያንን ድምፅ እንደ ባላቸው ዘመን ለመስማት ተመኙ።

የሚስታቸው የሎሪን ወንድም ዴልመር ግን ሳቀባቸው። «ከተማ ላለው ጠመንጃ ሠሪ ስጣት፤ አንተ የምታውቀው ጎማ ነው» አላቸው። ይህም ቃል ከጦር ይልቅ ወጋቸው።

ከዚህም በኋላ ሆባርት ጥይት እንደሌለባት ደጋግመው አይተው፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፈው፣ ጥይቱን የሚገፋ አዲስ ሞላ፣ አዲስ ማነጣጠሪያና የእንጨት እጀታ አሰልፈው ዘመቱ። እጀታው ገባ፣ ማነጣጠሪያውም ተገጠመ፤ ሞላው ግን ከጣታቸው አፈትልኮ እንደ ፌንጣ ተስፈንጥሮ ተሰወረ። ያን ጊዜ ቆመው እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፦

«የዚህ ቤት ሰው ሁሉ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዚህች ሰዓት ጀምሮ መጥረጊያ ያነሣ፣ ምንጣፍ ያራገፈ፣ ወንበር የጎተተ፣ የሆባርት ጠላት ነው!»

ሎሪን የበቆሎ ዳቦዋ ምድጃ ውስጥ እያረረ ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ውሻቸው ቢስኪት በአፍንጫው፣ ዴልመርም በጉልበቱ ለፍለጋ ተሰማሩ። ሞላውን ያገኘው ያው ዴልመር ነው፤ ጉንጩን ወለል ላይ ለጥፎ ከማቀዝቀዣው ሥር አወጣው። ሲሰጣቸውም አልሳቀም።

«እንካ፣ ጨርሳት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናትህ ይስሟት።»

ሞላው በቦታው ከገባ በኋላ እመት ቨርዲ በጓሮው በረንዳ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀመጡ። ሎሪን የጆሮ መከላከያ ብታቀርብላቸው፣ ልሰማ መጥቼ ጆሮዬን ልድፈን ወይ ብለው መለሱላት። ሆባርትም ከጓሮው ጫፍ ባለው የአፈር ገደል ሥር ዱባ አቁመው፣ ሰውንና ውሻን ከኋላቸው አድርገው፣ ቃታውን ሳቡ። ሽጉጧም አንድም ጥይት ሳይቀረቀርባት ካዝናዋ ባዶ እስኪሆን አገሣች፤ ተራራውም መለሰላት።

ጭሱ ሲበተን ዱባው አንዲት ጭረት ሳይነካው ቆሞ ነበር። ሆባርት አንገታቸውን ደፉ። እመት ቨርዲ ግን እንባቸውን በብርድ ልብሱ ጫፍ ጠረጉ።

«ልጄ» አሉ፣ «አባትህም ከዚህ በረንዳ ወርዶ አንድ ነገር መትቶ አያውቅም። ልክ እንዲህ ነበር።»

ስለዚህ ክብርና ምስጋና ይድረሳቸው፤ ለሞላ አዳኙ፣ ተራራን ለሚያናግሩት፣ ገደልን ላቆሰሉት፣ ለሆባርት መሐሬ ዱባ።