ካቴድራሉን የማያስከፋ ታፔላ

ከተማችን ትንሽ ናት፤ ክብሯ ግን ትልቅ ነው። ስምንት መቶ ዓመት የቆመ ካቴድራል ያላት የፈረንሳይ ከተማ ለእንግዳ መንገድ ላሳይ ብላ ራሷን አታዋርድም። እንግዳ ይጥፋ፤ የጠፋ ሰው ብዙ ያያል። ይህ የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴያችን ጽኑ እምነት ነው፤ እድሜ ይስጠው። ኮሚቴው የሚቀመጠው እዚህ አይደለም፤ በባቡር ሁለት ሰዓት ርቆ ነው። ቅርስ ከሩቅ ሲታይ ያምራላ።

ይህ ጥበብ ያልገባቸው ሙሴ ፉልዣንስ ብቻ ነበሩ። ከካቴድራሉ ጀርባ፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ በማያልፍበት ጉራንጉር ውስጥ፣ ከአባታቸው የወረሷት የእንግዳ ማረፊያ አለቻቸው። እንግዶች «አንድ ቅስት በር ስር ቆመናል» ብለው ይደውላሉ። ከተማዋ አሥራ ሰባት ቅስት በር አላት። ሙሴ ፉልዣንስ በታመመ ጉልበታቸው ሁሉንም አዳርሰው ሲመለሱ፣ እንግዳው ተስፋ ቆርጦ ጣቢያው አጠገብ ካለው ሆቴል ገብቷል። ክፍሎቹ እንዲህ ባዶ ከከረሙ ቤቱ መዘጋቱ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ድረስ ሄደው አንዲት ታፔላ ለመስቀል ፈቃድ ጠየቁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በሁለተኛው ዓመት ፈቃዱ ወጣ፦ ታፔላዋ ከመዳፍ እንዳትበልጥ፣ ቀለሟ ግድግዳውን እንዲመስል፣ ፊደሏም ቀለሟን እንዲመስል፣ ካቴድራሉ ከሚታይበት ቦታ ሁሉ እንዳትታይ።

«ታዲያ ማን ሊያያት ነው?» አሉ ሙሴ ፉልዣንስ።

«ጌታዬ፣» አሉ ሊቀመንበሯ ማዳም ኤርሚን እያዘኑላቸው፣ «ለመታየትማ ካቴድራሉ አለ አይደል?»

ታፔላዋ ከማረፊያው በር አጠገብ ተሰቀለች። በሳምንቱ ማዳም ኤርሚን ሁለት አባላት አስከትለው፣ ሥራው በደንቡ መሠረት መከናወኑን ሊያረጋግጡ መጡ። የመጡት ከምሳ በኋላ ነው፤ ቅርስ በባዶ ሆድ አይጠበቅም። ካርታ ዘርግተው ፈለጓት፣ አጠገቧ አራት ጊዜ አለፉ፣ አላገኟትም። ሲመሽ የመጨረሻው ባቡር አመለጣቸው። ሙሴ ፉልዣንስ የጭቅጭቅ ድምፅ ሰምተው ቢወጡ፣ ማዳም ኤርሚን ጫማቸውን አውልቀው ሳያውቁ ታፔላዋን ተደግፈው ቆመዋል።

«አልጋ ይኖርዎታል?» አሉ።

አልጋ ተሰጠ፣ ትኩስ የሽንኩርት ሾርባ ቀረበ። ሙሴ ፉልዣንስ በዕድሜያቸው እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። መጥፋትን በእግሯ የቀመሰች ሊቀመንበር እንዴት ትልቅ ታፔላ ትከለክላለች? ጠዋት ማዳም ኤርሚን እጃቸውን ጨብጠው፣ ያየነውን አንረሳውም አሏቸው።

እውነትም አልረሱም። በአሥረኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፦

«ታፔላዋ ከየትኛውም አቅጣጫ የማትታይ መሆኗን ኮሚቴው በቦታው ተገኝቶ አረጋግጧል፤ ምስጋናውንም ያቀርባል። ይሁን እንጂ በአንድ ምሽት ብቻ ሦስት እንግዶች ወደ ማረፊያው መሳቧን አባላቱ በዓይናቸው አይተዋል። የጎብኚ መብዛት ለቅርሱ ጸጥታ አስጊ ስለሆነ፣ በአስቸኳይ ትነሳ።»

ሙሴ ፉልዣንስ ታዛዥ ዜጋ ናቸው። ታፔላዋን ነቀሉ፤ በነቀሉት ምስማርም የማረፊያውን በር ቸነከሩት።