የጋራው መሰላል

(የዘጠኝ ቤት ማኅበር ሊቀመንበር ጣሪያ ላይ ቁጢጥ ብሎ የጭስ ማውጫውን አቅፏል። ጎረቤቱ ግንበኛው ታች ቆሞ ሽቅብ ያየዋል። መሰላል የለም።)

ሊቀመንበር፦ ሰው ጣሪያ ላይ ትቶ መሰላል ይዞ ይሄዳል እንዴ? ጭንቅላትህም ውስጥ ሲሚንቶ ነው ያለው?

ግንበኛ፦ ጋሼ፣ የልብስ ሰፊዋ እናታችን አልጋ ላይ ሌሊቱን ውሃ ሲንጠባጠብ አደረ። ሰፈሩ ያለው አንድ መሰላል፤ ዝናቡ ደግሞ መጣሁ መጣሁ ይላል። «የባሰበት ይቅደም» ብለው ደንቡን የጻፉት እርስዎ!

ሊቀመንበር፦ የባሰበትስ እኔ! ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀኝ ነው። ያለ እኔ ማን ሊናገር?

ግንበኛ፦ ታዲያ በጋራው ይውረዱ።

ሊቀመንበር፦ የጋራውን አንተው ወስደህብኝ!

ግንበኛ፦ ኧረ ማንም አልነካውም። ከጥንትም እዚያው ነው።

ሊቀመንበር፦ ወይ ፈጣሪ! ስማ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። የሁላችንም ነው፤ ገባህ?

ግንበኛ፦ እንዴታ! የእግዜር ስጦታ፣ ተመስገን።

ሊቀመንበር፦ የምን ስጦታ? ዘጠኝ ቤት አዋጥተን ያሠራነው!

ግንበኛ፦ ያን የሚያህል ነገር? እርስዎ ሳይወለዱም እኮ ነበረ።

ሊቀመንበር፦ አምና ነው አናጢው የሠራው!

ግንበኛ፦ (ራሱን እያከከ) አናጢ... ብቻ ይውረዱበት። ሣር ስላለው ለእግር ይመቻል።

ሊቀመንበር፦ ሣር! ፀሐይ መታችህ ልበል? ድሮም ላንተ ማስረዳት...

(አንዲት ፍየል ከኋላው መጥታ ኮቱን ትጎትታለች።)

ሊቀመንበር፦ ኡኡ! ይቺ ደግሞ በየት ወጣች?

ግንበኛ፦ በጋራው ነዋ!

(ሊቀመንበሩ የጭስ ማውጫውን ሳይለቅ ቀስ ብሎ ይዞራል። የቤቱ ጀርባ ጋራውን ተደግፏል፤ ከክዳኑ እስከ ሣሩ አንድ እርምጃ ነው።)

ሊቀመንበር፦ ...ጋራውን ነው እስካሁን የምትለኝ?

ግንበኛ፦ ሌላ ምን አልኩ?

(ሊቀመንበሩ ተሻግሮ፣ በጋራው ዞሮ ይመጣል። ኮቱን ያራግፋል።)

ግንበኛ፦ እንኳን ለምድር አበቃዎት! ፈጠን ይበሉ። ለመሆኑ የዛሬው ንግግር ስለ ምንድን ነው?

ሊቀመንበር፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) «የጋራ ማለት ምን ማለት ነው»... እባክህ ወንድሜ፣ ይቺን ነገር ለራስህ ያዛት።

ግንበኛ፦ ለራሴ? ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፤ ይቺማ የጋራ ናት!