የሊቀመንበሩ የክብር መዘግየት

ታላላቅ ሰዎች የሚከበሩት በሠሩት ሥራ ሳይሆን በደረሱበት ሰዓት መሆኑን በአሜሪካ የኦሮራ ከተማ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ውድነህ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህም የዕንቁጣጣሽ በዓል በከተማው ፓርክ ጠዋት በእሳቸው ንግግር ይከፈታል ተብሎ በታወጀው መሠረት፣ እሳቸው ከቀትር በኋላ በሰዓቱ ደረሱ።

ዘንድሮ ነገሩ ቀላል አልነበረም። በሳምንቱ የሊቀመንበርነት ምርጫ አለ፤ በበዓሉ ላይ ሕዝብ ብድግ ብሎ ያጨበጨበለት ሰው ወንበሩን እንደያዘ ይቆጠራል። ብድግ የሚባለው ደግሞ መጨረሻ ለገባ ሰው ነው። ፓርኪንጉ ውስጥ ግን የተቀናቃኛቸው የአቶ ሀብተሚካኤል መኪና ቆሟል። መስታወቱ ጠቆር ያለ ቢሆንም ከመሪው ኋላ ኮት የለበሰ ትከሻ ይታያል።

«አየሽው? እኔ እስክገባ እየጠበቀ ነው!» አሉ መኪናውን ለምትነዳው ልጃቸው ለሊዲያ። «ሞተሩን አጥፊው።»

ኮሌጅ ታሪክ የምታጠናው ሊዲያ በሳቅ ፈረሰች። «ዳዲ፣ ይሄ እኮ የኔ ክላስ ነው! ድሮ አውሮፓ ውስጥ በበዓል ቀን የሁለት መኳንንት ሠረገላ ጠባብ መንገድ ላይ ከተገናኘ፣ ‹እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም› እያሉ ከተማውን ይዘጉት ነበር። ሊትረሊ!»

«እነሱ ለመቅደም፣ እኛ ለመዘግየት» አሉ አቶ ውድነህ በኩራት። «ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው።»

«ኦኬ፣ እኔ ርቦኛል» ብላ ወርዳ ወደ ጭፈራው ሄደች።

ሊቀመንበሩ በጽናት ተቀመጡ። ላብ አጠመቃቸው፤ መስኮት መክፈት ግን መሸነፍ ነው። ሽንታቸው መጣ፤ ለሕዝብ ሲሉ ቻሉት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዉ ወንበር እያጠፈ መውጣት ጀመረ። አቶ ሀብተሚካኤልም ወጡ። የወጡት ግን ከመኪናቸው ሳይሆን ከድንኳኑ ነው፤ በሸሚዝ፣ የወንበር ቁልል ተሸክመው። ጠዋት ሥራው ሲያሞቃቸው ኮታቸውን አውልቀው የመኪናቸው ወንበር ላይ ሰቅለውት ኖሯል።

«አቶ ውድነህ! ገና መምጣትዎ ነው?»

አቶ ውድነህ በቃ፣ አለቀልኝ አሉ። ሳምንቱን እንቅልፍ አጡ።

በምርጫው ዕለት ግን ጉባኤው የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ «በዓሉ ያለ መክፈቻ ንግግር በመካሄዱ ከምንጊዜውም በላይ ያማረ ስለሆነ፣ ሊቀመንበሩ መኪና ውስጥ በመቆየት ላበረከቱት የማይተካ አስተዋጽኦ በሥልጣናቸው እንዲቀጥሉ፣ በየዓመቱም በበዓሉ ቀን የፓርኪንግ ቦታ በስማቸው እንዲያዝላቸው።»

የአቶ ውድነህ ዓይን እንባ አቀረረ። «ለሀብተሚካኤልስ ቦታ ተሰጠው?»

«ኧረ የለም! እሳቸው ወንበር ይደረድራሉ» አለ ከጉባኤተኛው አንዱ።

«እንዲያማ ከሆነ» አሉ ሊቀመንበሩ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ለከርሞ በጠዋት መጥቼ ቦታዬን እይዛለሁ፤ እስከ ማታም ንቅንቅ አልልም!»

ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።