ሁለት ጊዜ የጣሉኝ በሽተኛ

በዚህች ከተማ አራሚ የሌለበት ሰፈር የለም። ለየካ የደረሱት ክብርት እትዬ በለጡ ናቸው። የወያላውን አጠራር ያርማሉ፣ የዕድር ጸሐፊውን ንባብ ያርማሉ፤ ከእንጦጦ የሚወርደውን ጉም እንኳ "ቀስ በል! ማን ያባርርሃል?" ሲሉት ሰምቻለሁ።

መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም እንደ አሸን በሚፈላበት ዘመን የነርስ ተማሪ ነበርኩ። ኮሌጃችን የምንለማመድባት አንዲት የፕላስቲክ በሽተኛ ነበረችው፤ በመስኮቱ ባሕር ዛፉን እያየች በሰመመን ትተኛለች። አካሏ ሙሉ ነው፣ ብንወጋትም አትቆጣም። መምህራችን ጉደታ "አካል ጉዳተኛ ሲመጣባችሁ ምን ልትሆኑ ነው?" አለና እትዬ በለጡን ቀጠረ። ልምሻ በልጅነታቸው አንድ እግራቸውን አስልሎታል። በክራንች እየመጡ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈላቸውን ሕመም አስመስለው ይፈትኑናል። እሳቸው ካላሳለፉ ምረቃ የለም።

በመጀመሪያው ፈተና ከወንበር ሊነሱ ሲሉ፣ ባደግኩበት ሥርዓት፣ ዘልዬ ብብታቸውን ይዤ አነሳኋቸው።

"ዕቃ ነኝ እንዴ? መጀመሪያ ጠይቀኝ እንጂ! ወድቀሃል።"

በሁለተኛው፣ አብረዋቸው የመጡትን እህታቸውን "ምናቸውን ነው የሚያማቸው?" አልኩ።

"የሰለለው እግሬ ነው፤ ምላሴ መሰለህ? ወድቀሃል።"

እኚህ ሴትዮ እያሉ ነርስ አልሆንም ብዬ ተማረርኩ።

በመጨረሻው ፈተና ከሰዓት በኋላ ጉም መስኮቱን ሸፈነው፤ ክፍሉ ከነፕላስቲኳ በሽተኛ ደመና ላይ የተንሳፈፈ መሰለኝ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። "እትዬ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?" አልኩና ጠበቅሁ። ወረቀቱ የሚለው የሆድ ቁርጠት ነው። እሳቸው ጉሙን ብዙ አዩና "ደረቴን" አሉ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ወረቀቱ ላይ የለም።"

"የለም። እኔ ጋ ግን ወር ሆኖታል። ሁለት ቦታ ታየሁ፤ ሁለቱም እግሬን ብቻ አይተው መለሱኝ።"

"ላዳምጥዎት?"

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አሳረፍኩ። ልባቸው ሁለቴ ይመታና ይጠፋል፤ ጉደታን ጠራሁት። ጉደታ መኪናውን አስነስቶ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ሐኪሙ "ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ..." ብሎ አልጨረሰውም።

በሳምንቱ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ "አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?" አልኳቸው።

"አልፈሃል። ማዳመጫው ግን ቀዝቃዛ ነበር።"

ዛሬ ማዳመጫዬን በመዳፌ ሳላሞቅ ማንንም አልነካም። እትዬ በለጡን እወዳቸዋለሁ። ሊያርሙኝ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ፤ ሊሄዱ ሲነሱም "ላግዝዎት?" እላለሁ። እስካሁን አንድ ቀን "እሺ" ብለውኝ አያውቁም።